ለበርጫ ጄኔራሎቻችን ኒሻን ይሰጥልን

ደሴ የጦር ኮሌጅ የላትም የሚል ሰው ከተማዋን አያውቃትም። ከሰዓት በኋላ ፒያሳ አካባቢ ካሉት በርጫ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ይበል። ዱዓ ይደረጋል፣ የጫቱ ዙርባ ይፈታል፣ ለጥቂት ጊዜ ዝም ይባላል። ከዚያ ምርቃናው ከች ሲል ጠቅላይ መምሪያው ሥራ ይጀምራል።

ሰሞኑን የተያዘው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 የተካሄደው። አንድ ወንድማችን ቴርሞሱን የሰሜኑ መዲና ዋሽንግተን፣ መተርኮሻውን የደቡቡ መዲና ሪችመንድ አደረገ። መሀላቸው ገረባ፣ የጫቱን ትርፍራፊ፣ ደረደረ። ገረባው ሐዲድ ነው። "ሰሜን 35 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ አለው፣ ደቡብ 14 ሺህ። በቃ፣ አለቀ!" አለ። አጨበጨብን። "ሐዲድማ ኮምቦልቻም አላት፣ ባቡሩ ነው የቀረው" ብሎ ነገር የሚያበላሽ ግን መቼም አይጠፋም።

ደግሞ ሚዛናዊ ናቸው። ለደቡብም ጠበቃ ቆሞለታል። "ጄኔራል ሊ አለን። አገራችን ሰፊ ነው፣ እኛ መከላከል ብቻ ነው የሚጠበቅብን። እንግሊዝም ያለ ጥጣችን አትኖርም" ይላል። "አለን" ሲል ቨርጂኒያ የተወለደ እንጂ ሙጋድ ያደገ አይመስልም። እንግሊዝ ከግብፅና ከህንድ ጥጥ መግዛቷ ሲነገረው በጣም ከፋው። የተከዳ ሰው ፊት ነበር።

ከሁሉም የገረመኝ የደቡብ ጥንካሬ ሲቆጠር ነው። መድፍ ተባለ፣ ጥጥ ተባለ፣ ቀጥሎ "ሦስት ሚሊዮን ተኩል ባሪያ" ተባለ። እዚያው፣ በዚያው ትንፋሽ። "ነጮቹ ሲዘምቱ እርሻው አይቆምም" ተብሎም ተብራራ። ስሌት ሲሆን እንዲህ ነው፤ ሰውየው ጦርነቱ በምን ምክንያት እንደተነሣ አንዴም ሳያነሣ ሰዓቱን ጨረሰ። ችግሩ ይሄኛው ጥንካሬ እግር ነበረው። የሰሜን ጦር በቀረበ ቁጥር ከእርሻው እየወጣ ሄደ። በመጨረሻ 180 ሺህ ያህል ጥቁሮች ለሰሜን ተሰለፉ፣ ብዙዎቹም ከባርነት የወጡ ነበሩ። ጄኔራላችን ግን ምን ገዶት! ሦስት ገረባ ከመተርኮሻው አጠገብ አነሣ፣ እፍ ብሎ አራገፈ፣ ወደ ቴርሞሱ አዛወረ።

ቡና የምታፈላዋ እህታችን "ዳቦስ ነበራቸው?" አለች። የሙያ ጥያቄ አይደለም ተብሎ ታለፈ። (እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1863 የሪችመንድ ሴቶች ርሃብ ሲጠናባቸው ሱቅ ሰብረዋል። ለእሱ የሚሆን ገረባ አልተገኘም።) ከ600 ሺህ በላይ ሰው ማለቁም "ያው ጦርነት ነው" ተብሎ ተዘጋ።

የጀግኖቻችን ጥንቃቄ ደግሞ ለብቻው ይመስገን። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ራሱ ደሴ ድረስ መጥቶ ነበር። ስንቱ ልጁን አዝሎ፣ ፌስታል አንጠልጥሎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ወረደ፤ ኮምቦልቻም ብዙ አላስጠጋችም። የዚያን ጊዜው ግን በገረባ አይደረደርም። አንዱ "ያኔ እኮ..." ብሎ ከጀመረ ድምፁ ይወርዳል። በሩን ያያል። "ቡናው አልደረሰም?" ይላል። ወዲያው ወደ ሰሜኑ ጄኔራል ግራንት ይመለስና ፍራሹን ይደበድባል። ልክ ነው። ሊ ተሰደበ ብሎ ማታ በር የሚያንኳኳ የለም።

ደቡብ በዚያች ቀን ሁለት ጊዜ ተሸነፈ። አንዴ እንደ ታሪኩ፣ አንዴ መተርኮሻው ሲደፋ።

ለነገ ሱዳን ተይዟል። የሱዳን ጦር ቴርሞሱን ይወስዳል፣ የሚዋጋው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ገና አልተመደበለትም። መምጣት የሚፈልግ ይምጣ፤ ማዕረግ እዚያው ይሰጣል። ዙርባ ግን የራስ ነው።