ችግኙ ከእናቱ ጋር ይመሳከር

አጎቴ ጣና ዳር ካለው ማሳው ላይ ከቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ከአንድ ተክል የተቆረጠ ቁራጭ ላብራቶሪ ውስጥ በጠርሙስ ከሚባዛበት ዘዴ፣ የመጣ የሙዝ ችግኝ ተክሎ ነበር። አብዛኛው ጥሩ አደገ። ጥቂቶቹ ግን ቁመት እምቢ አሉ። ቅጠላቸው አጭርና ሰፊ ሆኖ እላይ በላይ ተደራረበ። «ውሃ አላጓደልኩባቸው፣ ፍግ አልነፈግኳቸው፤ ምን ሆኑብኝ?» እያለ ስንት ጊዜ ጠየቀኝ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ችግኞቹ ገና ከጠርሙስ ሳይወጡ ተለውጠዋል።

ሙዝ ስለሆነ በወራት ታወቀ። ቴምር ቢሆንስ?

ባሕር ዳር መንገድ ዳር የሚያጠላን፣ ለሆሳዕና ጣታችን ላይ የምናስረው ዘንባባ የቴምር የቅርብ ዘመድ ነው። ቴምር ከፍሬው ከተዘራ ግማሽ ያህሉ ወንድ ይሆናል፤ ወንዱ አያፈራም። ሴቷም የእናቷን ጣዕም አትደግምም። ከግንዱ ሥር የሚወጣው ቡቃያ እናቱን ይመስላል፣ ግን አንድ ዛፍ በዕድሜው የሚሰጠው ጥቂት ነው። ቲሹ ካልቸር ያስፈለገው ለዚህ ነው። ነገር ግን ቁራጩ እንዲያድግ ጠርሙሱ ውስጥ የሚጨመረው ሆርሞን ሲበዛና ማባዛቱ ሲደጋገም አንዳንዱ ችግኝ ይለወጣል። ባርሂ በሚባለው የቴምር ዝርያ ላይ ታይቷል፤ ዛፉ ያብባል፣ ፍሬ ግን በወጉ አይይዝም። ገበሬው ይህን የሚያየው 4 ወይም 5 ዓመት ውሃ ካጠጣ በኋላ ነው።

ስለዚህ ማንኛውም ላብራቶሪ ችግኝ ከመሸጡ በፊት ናሙና ወስዶ ዲኤንኤውን ከእናት ዛፏ ጋር ያመሳክር። የእናትና የልጅ ዲኤንኤ ጄል በሚባለው፣ ቁርጥራጮቹን በመጠናቸው ለይቶ እንደ መስመር በሚያሳየው ዝልግልግ ነገር ላይ ጎን ለጎን ሲታይ መስመሮቹ ካልገጠሙ አብሮ የተባዛው ያ ዙር አይሸጥ።

ይህም ብቻውን አይበቃም። ምርመራው የሚያየው ከዘረመሉ ጥቂቱን ነው። ዘይት በሚሰጠው የዘንባባ ዓይነት ላይ ፍሬውን የሚያበላሸው ለውጥ የዲኤንኤው ፊደል ሳይነካ፣ በላዩ ያለው ኬሚካላዊ ምልክት ሲጠፋ እንደሚመጣ በ2015 እ.ኤ.አ. ታውቋል። እንዲህ ያለውን ተራው ምርመራ አያገኘውም። ስለዚህ ከየዙሩ ጥቂቶቹ ቀድመው ይተከሉ፣ ፍሬያቸው ይታይ። ማባዛቱም ገደብ ይኑረው።

ችግኙ ሲሸጥ ደግሞ እናቱ የትኛዋ ዛፍ እንደሆነች፣ ስንት ጊዜ እንደተባዛና መመርመሩን የሚናገር አንድ ወረቀት አብሮ ይሰጥ። አጎቴ ችግኙን ሲረከብ የተሰጠው የገንዘብ ደረሰኝ ብቻ ነው።