ሁሌ ዳገቱ አይደለም

ደሴ ላይ ትንፋሽ ሲያጥር ጥፋተኛው ይታወቃል፤ ዳገቱ ነው። ከጦሳ ተራራ ስር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከኮምቦልቻ የሀረጎን ዳገት ወጥቶ የመጣ እንግዳ ቢያለከልክ ማንንም አይገርመውም። እኔን የሚያሳስበኝ እዚሁ ተወልዶ፣ ያንኑ ዳገት 40 ዓመት ሲወጣ የኖረ ሰው «ዳገቱ ከበደኝ» ማለት ሲጀምር ነው። ዳገቱ ያው ነው።

አክስቴን እንዲህ ነበር የጀመራት። ከሰኞ ገበያ ስትመለስ መጀመሪያ አንድ ቦታ ታርፍ ነበር፤ ኋላ ሦስት ቦታ። «ብርዱ ነው ልጄ፣ እድሜም አለ» ትላለች። አንድ ማታ እግሯን ሳጥባት ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ስለቀው ጉድጓዱ እንደ ሊጥ እዚያው ቀረ። ለካ ሌሊቱን የምታሳልፈው ሦስት ትራስ ደርባ፣ ቁጭ ብላ ነው። ለማንም አልተናገረችም።

የደም ግፊቷ ሲለካ 190 በ110 ነበር። ልቧ በአልትራሳውንድ፣ ኢኮ በሚሉት፣ ታየ። «የልብ ድካም ነው» ሲሉን ልቧ ሊቆም መስሎን ተላቀስን። ነገሩ ሌላ ነው። ልብ ደሙን በወጉ መግፋት ሲያቅተው ውሃ ሳንባና እግር ላይ ይጠራቀማል። ሽንት የሚያሸና መድኃኒትና የግፊት ኪኒን ጀመረች፤ ጨው ቀነሰች። አሁን በአንድ ትራስ ትተኛለች።

የሚያንገበግበኝ ግን ግፊቷ ከዓመታት በፊት ተገኝቶ የነበረ መሆኑ ነው። መድኃኒት ጀምራ፣ ራስ ምታቱ ሲተዋት «ዳንኩ» ብላ ተወችው። «ደም ብዛት» የሚለው ስም ራሱ ያሳስተናል። የበዛ ደም የለም። ደሙ የቧንቧውን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው የጨመረው፤ ያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያምም። ስላላመመን ደህና ነን ማለት አይደለም። ለማወቅ መለካት ብቻ ነው መፍትሄው።

ይሄው ግፊት ከልብ የሚነሳውን ትልቁን ቧንቧ፣ አኦርታን፣ ለዓመታት ሲገፋው ግድግዳው ይዳከማል። ሊለጠጥ ይችላል፤ ከባሰም የውስጥ ሽፋኑ ይቀደዳል። ያኔ የሚመጣው ሕመም ድንገተኛ ነው፤ ደረትን ሰንጥቆ ወደ ጀርባ ይዘልቃል። የሁለቱ ክንዶች ግፊት ሊለያይም ይችላል። ሲቲ ስካን ያስፈልገዋል፣ ሰዓታትም ዋጋ አላቸው። ደረትን እንደ ድንጋይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመምም እንደዚያው አያቆይም፤ ወዲያው ኢሲጂ፣ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚያሳየው ምርመራ፣ መነሳት አለበት። እኛ ቤት ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጨጓራ ነው። ኪኒን ከፋርማሲ ይገዛና «እስኪ ነገን እንይ» ይባላል። እባካችሁ ነገን አትጠብቁ።

ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በር ላይ፣ ሠራተኛ ሺፍት ሲቀይር፣ አንድ ነርስና አንድ መለኪያ ይዞ መቀመጥ ብዙ ሰው ያተርፋል። በየጤና ጣቢያውም ለጉንፋን የመጣ ጎልማሳ ሁሉ ሳይለካ ባይሸኝ እላለሁ። አለካኩም ወግ አለው። አምስት ደቂቃ አረፍ ይባላል፤ ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም፤ መለኪያው በጋቢ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይታሰራል። በተለያየ ቀን እየተለካ 140 በ90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ነው።

የሰፈራችን እድር በወር አንድ እሁድ ይሰበሰባል። ድንኳን አለን፣ ድስት አለን፣ አግዳሚ ወንበር አለን። የግፊት መለኪያ ግን የለንም። ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አስይዣለሁ። አክስቴም መጥታ በራሷ አፍ እንድትነግራቸው ለምኛታለሁ፤ እሺ ብላኛለች።