ማስተካከያ፦ «ዶሮቲ» የጊልበርትና የሱሊቫን ሥራ አይደለችም

ስለ ድሮው የለንደን ቴአትር ባወጣነው ጽሑፍ «ዶሮቲ» የተሰኘችው አስቂኝ ኦፔራ የታወቁት የእንግሊዝ አስቂኝ ኦፔራ ጥንዶች፣ የግጥም ደራሲው ጊልበርትና የዜማ ደራሲው ሱሊቫን ሥራ ተብላ ቀርባለች። አይደለችም። ድርሰቱንም ግጥሙንም የጻፈው ቢ. ሲ. ስቲቨንሰን ነው። ዜማው የአልፍሬድ ሴሊየር ነው።

ነገሩ ቢያምታታ አይገርምም። ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1875 ቦልተን ሮው በሚል የብዕር ስም «ዘ ዙ» የተሰኘችውን አስቂኝ ኦፔራ ከሱሊቫን ጋር ሠርቷል። ሴሊየርም የሱሊቫን የሥራ ባልደረባ ነበር። ግን ስቲቨንሰን ዛሬ ስሙን የሚያነሳለት ጥቂት ሰው ነው፤ ትልቁን ሥራውን ለሌላ መስጠት ግፍ ነው።

«ዶሮቲ» እ.ኤ.አ. በ1886 በጌይቲ ቴአትር ስትጀምር ብዙም አልቀናትም። የቴአትሩ ሒሳብ ሠራተኛ ሄንሪ ሌስሊ ገዝቶ ወደ ሌላ ቴአትር ወሰዳት። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላት! በጠቅላላው 931 ጊዜ ታየች። ስመ ጥሩው የጊልበርትና የሱሊቫን «ሚካዶ» እንኳ በመጀመሪያው ዙር 672 ጊዜ ነው የታየው። በትርፏ የተሠራው ሊሪክ ቴአትር ዛሬም ሻፍትስበሪ ጎዳና ላይ አለ።

ሕዝቡ ያበደለት ዘፈን «የልቤ ንግሥት» ነው። ሴሊየር ዜማውን ቀደም ሲል በሌላ ግጥም አውጥቶት ሰሚ አጥቶ ነበር። ስቲቨንሰን አዲስ ግጥም ገጠመለት፣ ሄይደን ኮፊን ዘፈነው፣ የኖታው ወረቀትም እንደ ጉድ ተቸበቸበ።