የአቻ ግምገማ ቅጹ መምህርን አያስተምርም

በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የመምህር የሥራ አፈጻጸም ከሦስት ወገን ይሞላል፦ ከተማሪዎች፣ ከትምህርት ክፍል ኃላፊውና ከባልደረቦች። የባልደረቦቹ ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ 15 ከመቶ ነው። ቅጹ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ይታደላል፤ የሚሞላውም ሰው የባልደረባውን ክፍል አንድም ቀን ሳይረግጥ «የማስተማር ዘዴ» ከሚለው ፊት አምስት ይጽፋል። ነገ ለእሱም ይሞላለታላ! ቅጹ ማንንም አይጎዳም፤ ማንንም ግን አያስተምርም።

መምህራን ሥራቸውን የሚማማሩት ሌላ ቦታ ነው። በስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ስለ ማስተማር የምር የምትወያዩት ከስንት ሰው ጋር ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ አብዛኞቹ መምህራን የቆጠሩት ከአሥር የማይበልጥ ሰው ነበር። ወሬውም ለብቻ፣ በመተማመን የሚደረግ ነው። እኛም ዘንድ በጂኤነት (በጀማሪ ረዳት መምህርነት) ለተቀጠረ ምሩቅ ኮርሱ ከአንድ ፍላሽ ስላይድ ጋር ሲሰጠው፣ «ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው የሚጠፋባቸው፤ መጀመሪያ ምሳሌውን ሥራላቸው» የሚለው ቢሮ የሚጋራው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ጎረቤት ያልደረሰው ጂኤ ግን ስላይዱን እያነበበ ዓመቱን ይጨርሳል።

ይህን ግንኙነት በትእዛዝ ለመፍጠር ተሞክሯል። አንድ ለአምስት የሚባለው የቡድን አደረጃጀት ወደ ግቢዎች ሲገባ ያፈራው በአብዛኛው ቃለ ጉባኤ ነው። ኤችዲፒ (የዩኒቨርሲቲ መምህራን የማስተማር ሙያ ሥልጠና) ከዚያ በጣም ይሻላል፤ ዓመት በሚፈጀው ሥልጠና መምህራን ክፍል ገብተው ይተያያሉ፣ ተግባራዊ ምርምር ይሠራሉ፣ ፖርትፎሊዮ ያዘጋጃሉ። ሰርተፊኬቱ እጅ ሲገባ ግን ቡድኑ አብሮ ይበተናል፤ የሚያገናኘው ሥራ አልቋላ።

ስለዚህ መነሻው ስብሰባ ሳይሆን የጋራ ሥራ መሆን አለበት። ከሁሉ የሚመቸው የፈተና ወረቀት ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ስለሚቀመጡ አንዱ ሴክሽን የተማረውን ሌላው ሳይማረው ሲቀር መደበቅ አይቻልም። አንድን ኮርስ ለሦስት ሴክሽን የሚያስተምሩ ሦስት መምህራን እንበል። ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው እያንዳንዱ 15 ጥያቄ ያመጣል፤ የሌሎቹን 30 ጥያቄዎች መልሱን ሳያይ ይሠራል። ሁለት መምህራን የተለያየ መልስ የሰጡበት ጥያቄ ወይ ይስተካከላል ወይ ይጣላል። ክርክሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ «እኔ እኮ እንዲህ ብዬ ነው ያስተማርኩት» የሚል ድምፅ ከተሰማ ሥራው ተሳክቷል።

ከፈተናው በኋላም ሥራ አለ። ከ60 ተማሪ ከፍተኛና ዝቅተኛ ውጤት ያመጡትን 16፣ 16 ወረቀቶች (27 ከመቶ ገደማ) ለይቶ በየጥያቄው በትክክል የመለሱትን መቁጠር ነው። ከላይኞቹ 12፣ ከታችኞቹ 5 ከመለሱት ልዩነቱ 7 ለ16 ሲካፈል 0.44 ይሆናል፤ ጎበዙን ከደካማው የሚለይ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከላይኞቹ 4፣ ከታችኞቹ 9 ከመለሱት ግን መጀመሪያ የመልስ ቁልፉን ማየት ነው፤ ብዙ ጊዜ ስህተቱ እዚያው ይገኛል። ቁልፉ ትክክል ከሆነ ጥያቄው አሻሚ ነው፣ ወይም ጎበዞቹ ከአንዱ መምህር የሰሙት ነገር አሳስቷቸዋል። ለጽሑፍ ጥያቄ ደግሞ ስማቸው የተሸፈነ አምስት ወረቀቶችን ሁሉም ለየብቻ ያርም። ከ10 ነጥብ ላይ ከሁለት በላይ ከተራራቁ ቀሪው ወረቀት ከመታረሙ በፊት የማረሚያ መስፈርቱ እንደገና ይጻፍ።

ክፍል ገብቶ መተያየት ከዚህ በኋላ ቢመጣ ይሻላል፤ በፈተና የተከራከሩ ሰዎች ትችት አያስደነግጣቸውም። የሚታየውን ነገር አስተማሪው ራሱ ይምረጥ፣ አንድ ብቻ። ለምሳሌ፣ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ራሱ ከመናገሩ በፊት ስንት ሰከንድ ይጠብቃል? የሚመልሱትስ ከየትኛው ረድፍ ናቸው? ታዛቢው 40 ደቂቃ ተቀምጦ ይህን ብቻ ይመዝግብ፤ በዚያው ቀን 20 ደቂቃ ይነጋገሩበት። ማስታወሻው ለአስተማሪው ይሰጥ፤ ኮፒው ኃላፊው ዘንድ ከደረሰ ጓደኝነቱ ወዲያው ወደ ግምገማ ይለወጣል፣ ወሬውም «በጣም ጥሩ ነበር» ብቻ ይሆናል።

ይሉኝታ እዚህ ላይ ትልቁ ጠላት ነው። ጂኤ የረዳት ፕሮፌሰሩን ጥያቄ «አሻሚ ነው» ለማለት ይቸገራል፤ ስለዚህ ጥያቄዎቹ ያለ ስም ተቀላቅለው ይቅረቡ፣ አስተያየትም ከታናሹ ይጀመር። ሌላው እንቅፋት አብረው የተማሩ ወይም ከአንድ አካባቢ የመጡ ብቻቸውን መቧደናቸው ነው። ቡድኑ በኮርስ ከተዋቀረ ይህ በከፊል ይቃለላል።

«ጊዜ የለንም» የሚሉት እውነታቸውን ነው። የሳምንት ጫናውን ጨርሶ ደሞዝ ለመደጎም ማታ ግል ኮሌጅ የሚያስተምር ሰው በነፃ ተሰብሰብ ቢባል አይመጣም። ትምህርት ክፍሎች ለኮርሱ አስተባባሪ ከጫናው ላይ ቢያንስ አንድ ክሬዲት ሰዓት ይቀንሱለት፤ እሱም ለፒኤችዲ ሲሄድ ፈተናዎቹን፣ የጥያቄ ትንተናውንና ተማሪ የሚሰናከልባቸውን ርዕሶች ለተተኪው አስፈርሞ ያስረክብ። ላፕቶፕ ሳያስረክብ ክሊራንስ እንደማያገኝ ሁሉ ያለዚህ ፋይልም አያግኝ።