«ንጉሥ አይከሰስ» በስንት ወለድ?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ስለ ፍትሕ ነው። አበዳሪ ግን ከዚሁ ተረት የሚሰማው ሌላ ነገር ነው፤ ይህ ባለዕዳ ቢክደኝ አቤት የምልበት ችሎት የለም ማለት ነው። ስለዚህ ወይ ገንዘቡን ይይዛል፣ ወይ ወለዱን ያንራል። ፍጹም ሥልጣን ያለው ንጉሥ ጠንካራ፣ በሕግ የታጠረው ደግሞ ደካማ ነው የሚለው፣ ዛሬም በየክርክሩ የሚነሳው እምነት፣ በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ የፈረሰው በዚህ የወለድ ሒሳብ ነው ባይ ነኝ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጥር 1672 የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ሆላንድን ለመውጋት መርከብ ማስታጠቅ ፈለገ፤ ገንዘብ ግን አልነበረውም። የመንግሥቱ ገቢ ገና ሳይሰበሰብ ለብድር መያዣ ሆኖ አልቋል። ንጉሡ ያገኘው መላ አጭር ነበር፤ ግምጃ ቤቱ ለአበዳሪዎች መክፈሉን እንዲያቆም አዘዘ። የታገደው ዕዳ 1.3 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። አበዳሪዎቹ የለንደን ወርቅ አንጥረኞች ናቸው፤ በዚያ ዘመን የባንክ ሥራ የሚሠሩት እነሱ ነበሩ። ለንጉሡ ያበደሩትም የራሳቸውን ብቻ አልነበረም፤ ሰው አደራ ያስቀመጠባቸውንም ጭምር እንጂ። አንጥረኛው ሲከስር አደራውም አብሮ ቀለጠ። ንጉሡን ማን ይክሰሰው?

ከ22 ዓመት በኋላ፣ በ1694፣ በዚያችው ከተማ ለመንግሥት 1.2 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያበድሩ ሰዎች የሚፈርሙበት መዝገብ ተከፈተ። በ12 ቀን ገደማ ሞላ፤ ፈራሚዎቹ ከ1,200 በላይ ነበሩ። ወለዱ 8 በመቶ፣ ማለትም በዓመት 96,000 ፓውንድ ሲሆን፣ 4,000 ፓውንድ ማስተዳደሪያ ታክሎበት ድፍን 100,000 ይሆናል። የእንግሊዝ ባንክ የተመሠረተው እንዲህ ነው። ያውም አገሪቱ ከሉዊ 14ኛ ፈረንሳይ ጋር ጦርነት ላይ ሳለች! ታዲያ ያ የተቃጠለ ሕዝብ ምን አይቶ ዳግም ኪሱን ፈታ? የብድሩ አዋጅ 100,000ው ፓውንድ ከየት እንደሚመጣ ስም ጠርቶ ጽፎታል፤ በመርከቦች የጭነት መጠን ላይ፣ በቢራና በሌሎች መጠጦችም ላይ ከተጣለ ቀረጥ ነው። ቀረጡን ያወጣው ደግሞ ፓርላማው ነው፤ እዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጡትም ውስጥ አበዳሪዎች ነበሩበት።

ብዙዎች ይህን ለውጥ ከ1689ኙ የመብቶች ድንጋጌ ጋር ያያይዙታል። ድንጋጌው ያለ ፓርላማ ፈቃድ ግብር መሰብሰብንም፣ በሰላም ጊዜ ቋሚ ጦር ማቆየትንም ሕገወጥ አድርጓል። እኔ ይበልጥ የምመዝነው ግን ተራ የሚመስለውን የቀን ገደብ ነው። በ1685 ፓርላማው ቻርልስን ለተካው ለጄምስ 2ኛ የጉምሩክና የኤክሳይዝ ገቢውን ዕድሜ ልኩን ፈቀደለት። ንግዱ ደርቶ ገቢው ሲያብጥ ንጉሡ ወደ 20,000 የሚጠጋ ጦር አቆመበት፤ ፓርላማውንም በዚያው ዓመት በኅዳር አሰናብቶ ዳግም አልጠራውም። ለምን ይጥራው? የሚፈልገውን አንዴ ተቀብሎ ጨርሷል።

ጄምስ ከዙፋኑ ተባሮ ዊልያም 3ኛ ሲነግሥ ግን ምክር ቤቱ ተምሯል። በ1690 የጉምሩኩን ገቢ የፈቀደለት ለ4 ዓመት ብቻ ነው። የወታደር ሥነ ሥርዓት የሚጠበቅበትን አዋጅም ለአጭር ጊዜ እየቆረጠ ያጸድቀው ጀመር፤ የአዋጁ ቀን ካለፈ በሰላም ጊዜ የኮበለለ ወታደርን በጦር ፍርድ ቤት መቅጣት አይቻልም። እንግዲህ ንጉሡ እነዚያን ሰዎች ቢጠላቸውም ሳይጠራቸው አንድ ዓመት መክረም አይሆንለትም። ከ1689 ወዲህ ፓርላማው ሳይሰበሰብ ያለፈ ዓመት የለም። የ1672ቱ አንጥረኞችም ከሰሱ፤ በ1700 የጌቶች ምክር ቤት (የፓርላማው የላይኛው ክፍል፣ ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ችሎት) ፈረደላቸው። ያገኙት ግን ከፊሉን ነው።

ሉዊ 14ኛ «መንግሥት ማለት እኔ ነኝ» አለ ይባላል። ማለቱን የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ቢለውም ሒሳቡ ያሳጣው ነበር። መኳንንቱና ካህናቱ ታይ ከተባለው ዋናው ግብር ነፃ ናቸው። የሦስቱን መደቦች፣ ማለትም የካህናቱን፣ የመኳንንቱንና የቀረውን ሕዝብ፣ አገር አቀፍ ጉባኤ ከ1614 ወዲህ የሰበሰበው የለም፤ ታዲያ አዲስ ግብር ሲያስፈልግ ማን እሺ ይበልለት? ቀዳዳው የሚደፈነው ሹመት በመሸጥ ነበር። ዳኛው ወንበሩን ይገዛል፤ ከ1604 ጀምሮም የዋጋውን አንድ ስልሳኛ በየዓመቱ እየከፈለ ለልጁ ማውረስ ይችላል። ይህን ሰው መሻር የከፈለውን መመለስ ይጠይቃል። «ፍጹም» የተባለው ንጉሥ የገዛ ዳኛውን ማሰናበት ቸገረው ማለት ነው።

ብድር ሲያምረውም ዋስ ይጠራል። የፓሪስ ማዘጋጃ ቤት፣ የላንጉዶክ ክፍለ ሀገር ጉባኤ፣ የካህናቱ ጉባኤ በየስማቸው ተበድረው ያቀብሉታል፤ ሰው ከንጉሡ ይልቅ እነሱን ያምናልና። ቀሪውን የሚሞሉለት ቀረጥ የመሰብሰብ መብት በኮንትራት የወሰዱ ባለሀብቶች ናቸው፤ ለንጉሡ በቅድሚያ ይከፍሉና ከሕዝቡ ከነትርፉ ይለቅማሉ።

ትርፉ እንዴት እንደሚለቀም ጨው ያሳያል። በፓሪስ ዙሪያ ባሉት ከባድ የጨው ቀረጥ በተጣለባቸው አውራጃዎች፣ ዕድሜው ከ8 ዓመት ያለፈ ሰው ሁሉ በዓመት 3 ኪሎ ተኩል ገደማ ጨው ከመንግሥት መጋዘን የመግዛት ግዴታ ነበረበት። ያ ጨው ለወጥና ለገበታ ብቻ ነው። ገበሬው ከድርሻው ቆጥቦ ለክረምት ያረደውን አሳማ ቢያሽበት ይቀጣል፤ ለሥጋው ሌላ ጨው መግዛት አለበት። ጎረቤት ብሪታኒ (እንግሊዝ ያለችበት ብሪታንያ ሳትሆን የፈረንሳይ ክፍለ ሀገር) ደግሞ ከቀረጡ ነፃ ስለነበረች ያው ጨው በጥቂት ሳንቲም ይሸጣል፤ በ1780ዎቹ የሁለቱ ወገን ዋጋ ከ20 እጥፍ በላይ ይራራቅ ነበር። ወሰኑ ላይ ኮንትሮባንድ መድራቱ ምን ይገርማል? የያዙትን ወንጀለኛ ወደ መርከብ ቀዘፋ ይልኩታል። ንጉሡ የማይከሰስ መሆኑ ያስከተለውን ወለድ ገበሬው በጨው ይከፍለው ነበር።

እንግሊዝን ግን ገነት አላደርጋትም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በነፍስ ወከፍ ሲሰላ እንግሊዛዊው ከፈረንሳዊው የበለጠ ግብር ይከፍል ነበር፤ እሱም በአብዛኛው በቢራ፣ በሳሙናና በሻማ ላይ የተጣለ፣ ድሃውን የሚጫን ነው። መምረጥ የሚችለውም ጥቂቱ ነው። ልዩነቱ፣ ፓርላማው እሺ ሲል ገንዘቡ መምጣቱ እርግጥ መሆኑ ነው። ንጉሥን ማሰር ብቻውን ይበቃል ለሚልም ፖላንድ አለችለት። እዚያ ከ1652 ጀምሮ አንድ እንደራሴ ተነስቶ «አልስማማም» ካለ ጉባኤው ይበተናል። «እንቢ» የሚል ሞልቶ «እሺ» የሚል ጠፋ፤ ጦር የሚቆምበት ግብር አልተገኘም፤ በ1795 ሦስት ጎረቤቶቿ ቀሪዋን ተካፍለው ከካርታ አጠፏት።

ፈረንሳይን የጣላትም ዕዳው ነው። በ1781 የገንዘብ ኃላፊው ኔከር የመንግሥቱን ሒሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳትሞ 10 ሚሊዮን ሊቭር (የፈረንሳይ ገንዘብ) ትርፍ አለን አለ፤ ፈረንሳይ ያኔ አሜሪካውያንን ደግፋ ከእንግሊዝ ጋር የገጠመችውን ጦርነት ልዩ ወጪ ግን አላስገባም ነበር። በ1786 በኋላ የገንዘብ ኃላፊ የሆነው ካሎን ሒሳቡን ሲያየው ጉድለቱ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሆኖ አገኘው። በ1788 ግማሹ የመንግሥት ወጪ ለዕዳ የሚከፈል ነበር፤ በነሐሴ ግምጃ ቤቱ ክፍያ አቆመ። 175 ዓመት ያልተጠራው የሦስቱ መደቦች ጉባኤ ግንቦት 5 ቀን 1789 ቬርሳይ ላይ ተከፈተ። ሰኔ 17 ቀን ራሱን ብሔራዊ ጉባኤ ብሎ ሰየመ፤ በዚያው ዕለትም ያለ ሕዝብ ፈቃድ የተጣለው ግብር ሁሉ ሕገወጥ ነው፣ ለጊዜው ግን ጉባኤው እስከተቀመጠ ድረስ ይሰብሰብ አለ። አበዳሪዎቹንም አልረሳም፤ ዕዳቸውን በፈረንሳይ ሕዝብ ክብር ስም ዋስ ገባላቸው።