ማስተካከያ፦ «ኤልቲኢ ብቻ» የሚለውን ስለመምረጥ

ሐዋሳ ላሉ የአንድሮይድ ጀማሪዎች በተላለፈው ማስታወሻ ላይ፣ ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ በስልኩ መደወያ ላይ *#*#4636#*#* ጽፋችሁ በሚከፈተው ምናሌ «ኤልቲኢ ብቻ» (4ጂ ብቻ) የሚለውን ምረጡ ተብሎ ነበር። ምክሩ ጎዶሎ ነው። ቮልቲኢ (በ4ጂ ላይ የሚደረግ የድምፅ ጥሪ) በማይሠራበት ስልክ ላይ ይህ ምርጫ ጥሪ ያስቀራል። ስልኩ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ መውረድ አይችልማ! ዳታው እየሮጠ ደዋዩ ግን አያገኛችሁም። አቶቴ ሰፈር ካፌ ቁጭ ብሎ የደንበኛ ስልክ ለሚጠብቅ ሰው ጉድ ነው። ለሙከራ ካልሆነ በቀር 2ጂ፣ 3ጂና 4ጂን አንድ ላይ የያዘውን «አውቶ» ምረጡ። በኮዱ የሚከፈተው ምናሌ በሁሉም ስልክ ላይ አይገኝም።

ሌላው፣ መተግበሪያ ለምትሠሩ፦ ተራ መተግበሪያ የኔትወርክ ሞዱን (የ2ጂ፣ 3ጂ ወይም 4ጂ ምርጫውን) በፕሮግራም ኮድ መቀየር አይችልም። የሲስተም ፈቃድ ይጠይቃል። ተጠቃሚውን ወደ ሴቲንግ ገጹ ምሩት፤ እሱ ራሱ ይቀይረው።