ጥሩሩን ብቻ ነክታችሁ ሌላውን እንዳለ አትተዉት

ወገኖች፣ ዛሬ ብሶቴን ካልተነፈስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጉዳዩ ሀውስ ሩል ነው፣ ማለትም ተጫዋቾች ራሳቸው ጨዋታው ላይ የሚያመጡት ሕግ። በተለይ ያ በየጠረጴዛው የሚነሳው ሀሳብ፦ «ጥሩር መመታትን ሳይሆን ጉዳትን ነው መቀነስ ያለበት።»

የጠረጴዛ ሮልፕሌይ (ዳይስ እየወረወሩ ገጸ ባህሪ ሆኖ መጫወት) የሚጫወት ሰው ይህን ሳይሰማ አይቀርም። ጌም ማስተሩ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራው ሰው፣ ፊቱ በርቶ ይመጣል። «ብረት የለበሰ ሰው እኮ ይመታል። የማይጎዳው ጥሩሩ ስለሚያስቀርለት ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የሁሉም አርመር ክላስ (መቺው ምቱን ለማግኘት በዳይስ መድረስ ያለበት ቁጥር) 10 ነው። ሙሉ ብረት የለበሰ ደግሞ ከእያንዳንዱ ምት ላይ 6 ይቀንሳል።» ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ሲሰሙት ልክ ይመስላላ!

ሀሳቡን አልጠላውም። እንዲያውም እወደዋለሁ። የሚያቃጥለኝ አንዱ ቁጥር ተነቅሎ ሌላ ሲተካ፣ በዙሪያው ያለው ሁሉ እንደነበረ መቅረቱ ነው። የጭራቆቹ ጉዳት ያው ነው። የመሣሪያዎቹ ዳይስ ያው ነው። የሕይወት ነጥባችንም ያው። እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ የተሠሩት እኮ ጥሩር ምትን ያስታል ተብሎ ታስቦ ነው።

እስኪ ከእነዚህ ጨዋታዎች አንዱን፣ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን የ2014 እትም (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) እንውሰድና ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ክሪቲካልን (እጅግ የተሳካውን ልዩ ምት) ለጊዜው ተዉት። ሙሉ ብረት የለበሰ ተዋጊ አርመር ክላሱ 18 ነው። ጎብሊን የሚባለው ትንሽ ጭራቅ ሲመታው ባለ 20 ጎን ዳይሱ ላይ 4 ይጨምራል። ስለዚህ የሚያገኘው 14 እና ከዚያ በላይ ሲወጣለት ነው፣ ማለትም ከመቶ 35 ጊዜ። ሲያገኝ በአማካይ 5.5 ይጎዳል። በአንድ ሙከራ ወደ 1.9 ነጥብ ማለት ነው። አሁን በአዲሱ ሕግ እንየው። ጎብሊኑ ከመቶ 75 ጊዜ ያገኛል። ግን ጉዳቱ ባለ 6 ጎን ዳይስ ሲደመር 2 ነው። ስድስት ቀንሱለት። ዳይሱ 5 ወይም 6 ካልወጣለት ባዶ ነው። ቢወጣለትም 1 ወይም 2 ነጥብ ነው። አማካዩ ከ0.4 በታች ወረደ። ጎብሊን የሚባል አደጋ ከጨዋታው ወጣ ማለት ነው።

ጠረጴዛ ላይ ይህ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ተዋጊያችን ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ቆሟል፣ ጎብሊኖች ከበውታል። ዳይስ ይወረወራል። «አገኘህ!» ደስ ይላል። ጉዳት ይወረወራል፤ 3 ወጣ፣ 2 ተደመረ፣ 5። ስድስት ሲቀነስ ምንም። ቀጣዩ ጎብሊን። «አገኘህ!» እንደገና ምንም። አሁንም ምንም። ድሮ የሳተ ምት በአንድ ውርወራ ያልቅ ነበር። አሁን ሁለት ጊዜ ወርውረን፣ ደምረን፣ ቀንሰን እዚያው ዜሮ ላይ እንደርሳለን። ውጊያው ተንዛዛ። አጠገቤ የነበረው ልጅ ስልኩን አወጣ። እኔም አልፈረድኩበትም።

ከዚያ ደግሞ የኮረብታው ጃያንት የሚባለው ግዙፍ ጭራቅ መጣ። እሱ ሲመታ 8 ይጨምራል፣ ዱላው በአማካይ 18.5 ይጎዳል። በድሮው ሕግ ብረት ለባሹን ከመቶ 55 ጊዜ ነበር የሚያገኘው። በአዲሱ 95 ጊዜ ያገኘዋል። ስድስት ቢቀነስለትም በየሙከራው በአማካይ ወደ 12 ነጥብ ይወስዳል፤ ድሮ ወደ 10 ነበር። ያ ሁሉ ብረት ከጎብሊን ፍጹም ከለላ ሆነ፣ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ግን ከድሮው ባሰ። ከባዱን ጥሩር ለመልበስ ስንት ነገር የከፈለ ተጫዋች ይህን ሲያይ ምን ይሰማው?

ስለ ጩቤው ሳልናገር አላልፍም። የጩቤ ዳይስ ባለ 4 ጎን ነው። ሦስት ብትጨምሩበት ጣሪያው 7 ነው። ሙሉ ብረት ለለበሰ ጠላት ስድስት ሲቀነስ፣ ጣሪያው አንዲት ነጥብ ሆነች። ይህ ሁሉ የሚደረገው ደግሞ «እውነተኛ እንዲሆን» ተብሎ ነው! በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ብረት ለባሹን ፈረሰኛ መሬት ላይ ከጣሉት በኋላ የሚጨርሱት በምን ሆነና? ሮንደል በሚባል ጠንካራ ጩቤ ነበር። በራስ ቁሩ ቀዳዳ፣ በብብቱ ሥር፣ ብረቱ ባልደረሰበት ቦታ ይሰኩታል። ጥሩር ክፍተት አለው። ምቱ ክፍተቱን ያገኛል ወይም ይስታል፤ የድሮው አርመር ክላስ ይህን ነገር በሻካራውም ቢሆን ይዞት ነበር።

«ሌሎች ጨዋታዎች እኮ ይቀንሳሉ» የሚለኝ አለ። አዎ፣ ይቀንሳሉ፣ ደግሞም ያምርባቸዋል። ሩንክዌስት ከ1978 ጀምሮ ጥሩር ጉዳት ይቀንሳል። ግን እዚያ ምት የሚያርፍበት የሰውነት ክፍል ለብቻው ይወጣል፣ ተከላካዩ በጋሻው ይመክታል፣ ክሪቲካል ምት ጥሩሩን አልፎ ይገባል፣ የሕይወት ነጥብም እንደ ድራገንስ እየተቆለለ አይሄድም። ገርፕስ በ1986 ሲወጣ ጥሩሩ ከቀነሰ በኋላ የተረፈውን ጉዳት እንደ መሣሪያው ዓይነት ያበዛዋል፤ የሚወጋ መሣሪያ ከሆነ እጥፍ። መርክ ቦርግ ደግሞ ቋሚ ቁጥር የለውም። ጥሩሩ ራሱ ዳይስ ነው፤ ቀላሉ ባለ 2፣ ከባዱ ባለ 6 ጎን። ስለዚህ ትንሽ ምትም አንዳንዴ ያልፋል። ሦስቱም መቀነሱን ሲያስገቡ የቀረውን በእሱ ልክ ሰፍተውታል። እኛ ጋ የመጣው ግን መቀነሱ ብቻውን ነው።

የድራገንስ ሰዎችም ነገሩን ሳያዩት አልቀሩም። በ2014ቱ እትም ከባድ ጥሩር ለባሽ ሊመርጠው የሚችል ችሎታ አለ፤ ከተራ መሣሪያ ጉዳት 3 ይቀንስለታል። ሦስት ብቻ! እሱም አርመር ክላሱ ሳይነካ ነው።

እንቀንስ ካላችሁ እሺ፣ ግማሽ መንገድ ሂዱ። ሙሉ ብረቱን ከ18 ወደ 15 አውርዱትና 3 ይቀንስ። ጎብሊኑ 1.25 ላይ ይቆማል፣ ጃያንቱ ከ11 በታች። ሁለቱም ከነበሩበት ብዙ አልራቁም። ጩቤውም ቢያንስ የወረወረውን ዳይስ ያህል ይጎዳል። ምት ካገኘ አንድ ነጥብ እንደማይቀር ጨምሩበት፣ «አገኘህ» የሚለው ቃል ትርጉም ይኑረው። ቅነሳውን ደግሞ ተመቺው ራሱ ይሥራ፤ ጌም ማስተሩ የስንቱን ጥሩር በጭንቅላቱ ይዞ ይችላል?

ካምፔይን (ተከታታይ ጨዋታ) መሃል ላይ ግን በፍጹም አታምጡብን። ልጁ ገጸ ባህሪውን የሠራው፣ ጩቤውን የመረጠው፣ ነጥቡን የደለደለው በድሮው ሕግ ነው። የግድ ከሆነ መጀመሪያ አንድ ውጊያ ለብቻው እንሞክር፣ ከዚያ ሁሉም ገጸ ባህሪውን እንደገና የማስተካከል ዕድል ይሰጠው። ወረቀትና እርሳስ ይዤ ሂሳቡን ልሠራላችሁ ዝግጁ ነኝ፣ የምሬን ነው። ብቻ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ጥሩኝ።